የማኅበሩ ኮምፒውተርና ዓመሏ ያልተነገረ በቅሎ

ቅዳሜ ለት ከዳባት ወደ ደባርቅ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ ታቅፈው ነበር። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ሁለት እጃቸውን ያደርጉበታል። ረዳቱ "ከላይ እንጫነው አባባ" ቢላቸው "ወግድ!" አሉት። እኔም የልጅ ልጃቸው መሰለኝ።

"ስንት ወሩ ነው?" አልኋቸው።

"ዘጠኝ ዓመቱ ነው" አሉኝ።

ደነገጥሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖት እንዲህ ያነሰ!

"አሞት ነው?"

"ጎንደር አድርሼው መምጣቴ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርገን ሌላ ካልሞላንበት አይድንም አሉኝ። እሱንም ለሳምንት ተውልን ነው የሚሉት። እምቢ ብዬ ይዤው መጣሁ።"

"በስመ ሥላሴ! ጸበልስ ሞከራችሁ?"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝና የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረጉት። ላፕቶፕ ነው። ከኋላችን የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ፤ እኔ በነጠላዬ ተሸፈንሁ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። "ኧረ ጸበል ቢያድነውስ በወሰድሁት" አሉና ስማቸውን ነገሩኝ። ቢራራ ይባላሉ። የደባርቅ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው።

"ይህን ያደረገችን አንዲት ልጅ ናት" አሉ። "ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች ተብሎ ለሙከራ ሦስት ወር ቀጠርናት። የአባሎቻችን ተራ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው የሚጻፈው። እንግዳ መጥቶ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ድረስ፣ እወጣለሁ ሲል የማን በቅሎ እንደምትጫን ከዚህ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ያ ካልተለጠፈ ጠቡን አትጠይቂኝ፤ ዱላ ነው። እሷ ታዲያ 'ይኸ አርጅቷል፣ ቫይረስም አለበት' ብላ የነበረውን አጥፍታ ሊኑክስ የሚሉትን ነገር ሞላችበት። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት የለ፣ ማተሚያ የለ፣ ድምፅ የለ። ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ ያያል እንጂ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ይሰበሰባል። እናሰናብታታለን።"

"ልጅቷ ማን ትባላለች?" አልሁ። ሳልጠይቅም አውቄዋለሁ።

"ጽጌሬዳ።"

አንባቢዬ፣ ጽጌሬዳ የኔ ልጅ ናት። ከአራት ልጆቼ የመጨረሻዋ። ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አጥታ ቤት ስትቀመጥ፣ ወር በገባ በአሥራ ስድስት ኪዳነምሕረትን ስለምን የኖርሁባት ልጅ። ከዚህ ሥራ ብትባረር ሥራ ብቻ አይደለም የሚቀርባት። ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ የማኅበር ኮምፒውተር አበላሸች የተባለችን ልጅ ማን ይቀጥራታል? እኔም ለሷ ድርቆሽና በርበሬ ይዤ መሄዴ ነበር። ዘንቢሌን አጥብቄ ያዝሁና ዝም አልሁ።

አያ ቢራራ ግን አላቆሙም። እጇ ፈጣን ነው አሉ፤ ሰው አትጠይቅም አሉ፤ የዛሬ ልጆች ያረጀ ነገር ካዩ ያሳክካቸዋል አሉ። መንገድ ላይ ወቅን የምትባለው ከተማ ስንደርስ ዝምታዬ ራሱ ውሸት መሰለኝ።

"አያ ቢራራ፣ ልጅቷ ልጄ ናት" አልኋቸው።

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ስሰድባት ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ?"

"ስድቡ እስኪያልቅ እየጠበቅሁ ነው።"

ሳቅ አመለጣቸው፤ መልሰው ኮስተር አሉ። "መልካም። እናት ካለች ባትሰማ ነውር ነው። አብረን እንሂድና በፊትሽ ትጠየቅ" አሉኝ።

የማኅበሩ ቢሮ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት። ግማሹ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ግማሹ የኮርቻና የመጫኛ ማስቀመጫ። ጽጌሬዳ ከጠረጴዛዋ ኋላ ሆና ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። አሻግሬ የሚባል በቅሎ ጫኝ፣ ዕድሜው ሠላሳ የሚሆን፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ ኮርቻ ላይ ተቀምጧል። ልጄ እኔንና ሊቀመንበሩን አንድ ላይ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

"እማ? ሰው ሞተ?"

"የሞተው ይኸ ነው" አሉ አያ ቢራራ፤ ላፕቶፑን ከነጋቢው ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጡ። "በይ እናትሽ ባሉበት ንገሪን። የድሮው ምን አደረገሽ?"

"ጋሼ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ። አንድ ስም ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ፍላሽ በሰካን ቁጥር የማናውቀው ነገር ይገባበታል። ደግሞም የተሰረቀ ነው።"

ይኸኔ እኔ ጣልቃ ገባሁ። "ምን? ማኅበሩ የተሰረቀ ዕቃ ነው የያዘው?"

"ዕቃው አይደለም እማ። ዕቃው በደረሰኝ ተገዝቷል። ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ውስጡ የሚጫነው ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ የሚሸጠውን፣ ቁልፉን ሰብረው የገለበጡት ነው የተጫነበት።"

"እና ማን አየን?" አሉ አያ ቢራራ። "ባለቤቱ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ደባርቅ ይመጣል?"

"እግዚአብሔር ሊማሊሞን መውጣት አያስፈልገውም አያ ቢራራ" አልሁ።

አሻግሬ ሳቀ። አያ ቢራራ አልሳቁም። "አንቺም ከሷ ጋር ነሽ" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ከማን ጋር እንደሆንሁ አላወቅሁም ነበር። የሌላ ሰው ላብ ሰርቆ መጠቀም ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ግን የሚሠራ ነገር በማይሠራ ነገር መለወጥስ ምን ይባላል?

"ይኸ አዲሱስ? ስንት ተገዛ?" አልኋት።

"አይገዛም እማ፤ ነፃ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ተባብረው ይጽፉትና ለፈለገ ሁሉ ይሰጡታል። እንደ ደቦ በሉት።"

"ደቦ!" አሉ አያ ቢራራ። "ደቦ ጠላ ይጠይቃል። ያለ ጠላ ደቦ የወጣ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። በዚህ ዘመን ሰላምታ እንኳ በነፃ የለም። እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?"

"አንዳንዱ ለራሱ የቸገረውን ይሠራና ለሌላውም ይተርፋል ብሎ ይሰጣል። አንዳንዱ ደመወዝ የሚከፍለው አለ። አንዳንዱ ዝም ብሎ ደስ ስለሚለው ነው።"

"ዝም ብሎ ደስ ስለሚለው" አሉ አያ ቢራራ፤ ወደ አሻግሬ ዞረው። "ሰማህ? አንተስ ጭነት ስታወጣ ዝም ብሎ ደስ ይልሃል?"

"እኔስ ስወርድ ነው ደስ የሚለኝ" አለ አሻግሬ።

ነገሩ ወደ ቀልድ ሲሄድ ልጄ አልወደደችም። ተነሥታ ላፕቶፑን ከፈተችው። በራ። ጽሑፍ ጻፈችበት፤ የአባሎቹን ስም አሳየችን፤ አንዱም አልጠፋም፣ አስቀድማ ፍላሽ ላይ አስቀምጣው ኖሮ። እኔ ደስ አለኝ። አያ ቢራራ ግን ጣታቸውን ጠረጴዛው ጫፍ ያለው ፕሪንተር ላይ አሳርፈው "አውጪልኝ" አሉ። ፕሪንተሩ ዝም አለ። "ከኢንተርኔት አገናኚኝ" አሉ። ከጎረቤት ሆቴል የሚጋሩት ዋይፋይ አለ፤ የሁሉም ስልክ ያየዋል፤ ላፕቶፑ ግን ጭራሽ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እንዳለም የሚያውቅ አይመስልም።

"ምን ጎደለው?" አልኋት።

"ድራይቨር ነው የጎደለው እማ።"

"እሱ ምንድን ነው? የሚዳሰስ ነው?"

"አይዳሰስም።"

"የሚታይ ነው?"

"አይታይም።"

"የማይዳሰስ፣ የማይታይ፣ ግን ከሌለ ምንም የማይሠራ" አልሁ። "መንፈስ ነው በይኛ።"

"እማ!"

"ምን ላድርግ፣ አልገባኝም።"

"እሺ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ብዙ ክፍሎች አሉ። አንዱ ዋይፋይ የሚይዝ ነው፣ አንዱ ድምፅ የሚያወጣ። እያንዳንዱን የሠራው ፋብሪካ ለየብቻ ነው። ሊኑክስ ያንን ክፍል ሊያዘው የሚችለው እንዴት እንደሚታዘዝ ሲያውቅ ነው። ያ ማወቂያው ነው ድራይቨር የሚባለው። የዚህ ዋይፋይ ግን ከሊኑክሱ ጋር አብሮ አልመጣም።"

"የት ነው ያለው?" አሉ አያ ቢራራ።

ልጄ አንገቷን ደፋች። "ኢንተርኔት ላይ።"

"ቆይ" አሉ ሽማግሌው በዝግታ። "ኢንተርኔት ለመግባት ያ ነገር ያስፈልጋል።"

"አዎ ጋሼ።"

"ያንን ነገር ለማግኘት ደግሞ ኢንተርኔት መግባት ያስፈልጋል።"

"አዎ ጋሼ።"

"ቁልፉን ቤት ውስጥ አስቀምጠሽ በሩን ቆልፈሻል።"

"እንደሱ ነው።"

አያ ቢራራ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው "አየሽ ልጅሽን" ይላል። እኔም አየኋት። ሕፃን ሳለች ዕንቁላል ሰብራ ስትመጣ የምታሳየኝን ፊት ይዛለች። ግን ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ።

"አንድ ጊዜ" አልሁ። "ፋብሪካው ክፍሉን ሠርቶ ከሸጠ፣ ማኅበሩም ገንዘቡን ከከፈለ፣ እንዴት እንደሚታዘዝ ለምን አብሮ አይነግርም?"

"ገንዘብ ለሚከፍሉት ትልልቅ ድርጅቶች ነግሯል። በነፃ ለሚጽፉት ሰዎች ግን የምሥጢር ነገር ነው ብሎ ከልክሏል። እነሱ በራሳቸው እየሞከሩ፣ እየወደቁ እየተነሡ ነው የሚደርሱበት። የደረሱበት ይሠራል፤ ያልደረሱበት አይሠራም። የዚህን ደግሞ በስንት ልመና ትንሽ ቁራጭ ሰጥቷል፤ እሷ ናት ለብቻዋ ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠችው።"

አያ ቢራራ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣቸው ከልጄ ሌላ የሚያርፍበት ሲፈልግ አየሁ።

"ዓመሏን ሳይናገር ሸጠ በይኛ" አሉ።

ይህን ለማያውቅ ልንገረው። እኛ አገር በቅሎ ሲሸጥ ልጓም ተቀብሎ መሄድ የለም። ሻጩ በዋሱ ፊት ቆሞ ዓመሏን ይናገራል። ትናከሳለች፣ ወይ ውኃ ትፈራለች፣ ወይ በግራ በኩል አታስቀርብም ይላል። ሳይናገር ሸጦ ሰው ከተጎዳ በሽማግሌ ይጠየቃል። ገዢውም በፊናው ሳይጭናት፣ ወንዝ ሳያሻግራት፣ ቁልቁለት ሳያወርዳት "ወስጃለሁ" አይልም።

"ይኸማ ነውር ነው!" አሉ አያ ቢራራ። "ፋብሪካው ይሁን ማን ይሁን፣ ዓመል ደብቆ መሸጥ ነውር ነው። ያቺ ምስኪን ሊኑክስ ምን ታድርግ፣ ያልነገሯትን።"

ልጄ ፊቷ በራ። ግን ቸኩላ ነው የበራችው፤ ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡባት።

"አንቺስ? ሻጩ ዋሸ፣ እሺ። ገዢዋ አንቺ አይደለሽም? ሳትፈትኚ ነው የጫንሻት?"

"መፈተን ይቻል ነበር" አለች ጽጌሬዳ። "ከፍላሹ ላይ፣ ሳይጫን፣ የነበረው ሳይነካ ሊኑክሱን ለአንድ ቀን አስነሥቶ ማየት ይቻላል። ዋይፋዩም ፕሪንተሩም እንደማይሠራ ያኔ አይ ነበር፤ የጎደለውንም በድሮው ኢንተርኔት አስቀድሜ አወርደው ነበር። ቸኮልሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ።"

እናት የልጇን ጥፋት ስትሰማ ደስ ይላታል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ግን ደስ አለኝ። አያ ቢራራም የጠበቁት ክርክር ነበር መሰል ነገሩ ከእጃቸው ወጣባቸው።

"አሁን ምን ታደርጊያለሽ?" አልሁ።

"ስልኬን በገመድ አገናኝቼ የስልኬን ኢንተርኔት ላሻግርለት ሞክሬ ነበር። እሱም እምቢ አለኝ። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን ስልክ መኖሩን አያይም። ሲስተሙ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ያልነካካሁት የለም። የት እንደተሳሳትሁ አልገባኝም።"

"ገመዱ ነዋ" አለ አሻግሬ ከኮርቻው ላይ።

ሁላችንም ዞርን።

"ከመናኸሪያ የገዛሽው ነው አይደል? የኔም እንደዚያ ነበር። ያበላል እንጂ አያናግርም። ፎቶ ላሻግር ስል እምቢ ይለኛል። ተራራ ያወጣሁት አንድ ፈረንጅ ሲሄድ ከስልኩ ጋር የሰጠኝ ገመድ ግን ሁሉንም ያሻግራል።"

"ምን አልህ?" አለች ልጄ።

"ምን አልሁ? ገመድ አልሁ።"

"አሻግሬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ተቀምጠህ ስታየኝ ለምን አልነገርኸኝም?"

"አንቺ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽ ነሽ፣ እኔ በቅሎ ጫኝ። ምን ብዬ? ደግሞስ አልጠየቅሽኝም።"

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ልበል። የተማረ ሰው ካልተማረው መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ ያልተማረውም ለተማረው መንገር ያሳፍረዋል። ሁለት ሰው በሁለት እፍረት መካከል ተቀምጦ ሁለት ቀን ይባክናል። በየቤታችን እንዲህ የባከነውን ቀን ማን ይቆጥረዋል?

አሻግሬ ገመዱን ከኪሱ አወጣ፤ በፌስታል ጠቅልሎ እንደ ክታብ ነው የያዘው። ልጄ ሰካችው። ስልኳን ነካካች። ላፕቶፑ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ብቅ አለች፤ ልጄም "ተመስገን" አለች፤ እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ "ተመስገን" አልሁ። ከዚያ ያቺን ቁራጭ ከኢንተርኔት አወረደች። አጥፍታ አበራችው። የሆቴሉ ዋይፋይ ስም ተራ በተራ ከጎረቤቶቹ ጋር ተዘረዘረ። አያ ቢራራ መነጽራቸውን አውጥተው ቀረብ አሉ።

"ፊትም እዚያው ነበረች?" አሉ።

"እዚያው ነበረች። የሚያናግራት አልነበረም።"

ፕሪንተሩ ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። ልጄ ብዙ ገጽ እያነበበች ከንፈሯን ስትነክስ ቆየች። በኋላ "ይኸው!" አለች። አንድ ሰው፣ የትም አገር ይሁን፣ ልክ እንደኛ ዓይነት ፕሪንተር ይዞ ልክ እንደኛ ተቸግሮ፣ ሦስት ሳምንት ለፍቶ መንገዱን አግኝቷል። ካገኘ በኋላም ዝም አላለም፤ አንድ በአንድ ጽፎ አስቀምጦታል።

"ስሙ ማን ነው?" አልኋት።

"ስሙን አልጻፈም። ኢንተርኔት ላይ የሚጠራበት ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው ያለው።"

"የክርስትና ስሙስ?"

"እማ፣ ክርስቲያን ይሁን አይሁን እንኳ አናውቅም።"

"ታዲያ በጸሎት እንዴት ላስበው?"

"ያ ፕሪንተር ያስቸገረው ሰው ይበሉ፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል" አለ አሻግሬ። ሊያሾፍብኝ ነው ያለው። እኔ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያው ብዬ አስበዋለሁ።

የመጀመሪያው ወረቀት ባዶውን ወጣ። አያ ቢራራ ገለባበጡት። ሁለተኛው ላይ የአባሎቹ ተራ፣ ከቁጥር አንድ ጀምሮ፣ በጠራ ፊደል ወጣ። ድምፁ ግን እምቢ እንዳለ ቀረ። ልጄ "እሱ ይቆየን" አለች፤ እስካሁንም ቆይቷል።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ዘንቢሌን ፈታሁ። አላለቀም። አያ ቢራራ ወረቀቱን እንደያዙ ቆሙ።

"ዛሬ ሠራ" አሉ። "ነገ ሌላ ቢጠፋስ? አንቺ ባል አግብተሽ ብትሄጂስ? የድሮው ቢሰረቅም ጎንደር ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ይኸን ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። በአንዲት ልጅ እጅ ልንወድቅ ነው?"

ጥያቄው ትክክል ነበር።

ጽጌሬዳ ስንገባ ትጽፍበት የነበረውን ደብተር ገፋ አደረገችላቸው። "ለዚህ ብዬ ነው ጋሼ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያደረግሁትን፣ የተሳሳትሁትንም ጭምር፣ በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። ዛሬ ደግሞ ገመዱንና ፕሪንተሩን እጨምርበታለሁ። ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ይህን ይዞ ሊያስተካክለው ይችላል።"

አያ ቢራራ ደብተሩን ከፈቱ፤ ጥቂት ገጽ ገለጡ። በእውነት ግራ ተጋብተው ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጽፈሽ ከሰጠሽን እኮ አንቺን ምን ታደርጊልናለሽ ብለን እንፈልግሻለን?"

"ላትፈልጉኝ ትችላላችሁ" አለች።

በኔ ቢሆን "ዝም በይ!" እላት ነበር። እንጀራዋን በገዛ እጇ ቆርሳ መስጠቷ ነው። ይኸኔ አሻግሬ የዘረጋውን እግር ሰብስቦ ተነሣ።

"አያ ቢራራ፣ አይቆጡ፤ እኔም ልጠይቅዎት። የበቅሎዎቹን ዓመል እርስዎ ለምን አይነግሩንም?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"የማኅበሩን የሠላሳ አምስቱንም በቅሎ ዓመል ያውቃሉ። ከአምቢኮ መንደር የመጣችው ግራጫ በቀኝ በኩል ጭነት ስትታሰር እንደምትራገጥ ያውቁ ነበር። እኔ አላወቅሁም። ይኸ እግሬ ተሰብሮ ሁለት ክረምት አላረስሁም።"

"ብትጠይቀኝ አልነግርህም ነበር?"

"ጠይቄዎታለሁ። እዚህችው ቤት። 'ቀስ እያልህ ትማረዋለህ' አሉኝ። ተማርሁት።"

አያ ቢራራ ወደ ወንበሩ ተመለሱ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አቀረቀሩ። እኔ መሄድ ፈለግሁ፤ ትልቅ ሰው ሲያፍር ማየት ደግ አይደለም። ግን ለመሄድም ጊዜው አልነበረም።

"ለኔም አባቴ እንደዚያው ነው ያሉኝ" አሉ በኋላ። "ሁለት ጊዜ ተረግጫለሁ። እንዲህ ነው የሚወረሰው ብዬ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጨነቅ መውጣት ትቻለሁ። የማውቀውን ሁሉ ከነገርኋችሁ በማግስቱ ማን 'አያ ቢራራ እንዴት አደሩ' ይለኛል? እሱን ነው የፈራሁት።"

"ፋብሪካውም ይህንኑ ሳይፈራ አይቀርም" አለች ጽጌሬዳ ቀስ ብላ።

ይቆጧታል ብዬ ጠበቅሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቆጡም።

"እኔ ልናገር" አልሁ። "አያ ቢራራ፣ እኔ አራት ልጅ ወልጃለሁ። የማውቀውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ወጥም ጸሎትም። ዛሬ ሁሉም ከኔ የተሻለ ያውቃሉ። ግን እስከ ዛሬ ይደውሉልኛል። የሚደውሉልኝ የደበቅሁባቸው ነገር ስላለ መሰለዎት?"

እሳቸውም ወረቀቱን አንሥተው፣ ሙጫ ቀብተው፣ ራሳቸው ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ተሰበሰበ። እኔም ልጄን ብቻዋን አልሰድም ብዬ ከኋላ ቆምሁ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ስንብቷን ነው፤ አንዳንዱም "ቀድሞስ ለበቅሎ ማኅበር ኮምፒውተር ምን ይሠራል" ሲል ሰማሁ። አያ ቢራራ ተነሡ።

"ይህች ልጅ ቸኩላለች፤ ጥፋቷን አምናለች" አሉ። "ኮምፒውተሩ ሠርቷል። ከዛሬ ወዲያ የተሰረቀ ነገር ቤታችን የለም፤ ቫይረስ ነው ብለን ጎንደር መመላለስም አበቃ። ሳይፈተን የሚጫን ነገርም የለም፣ በቅሎም ይሁን ኮምፒውተር። ይህ ከተስተካከለ ልጅቷን ለምን በሥራዋ እናቆያታለን ትሉኝ ይሆናል። የምታውቀውን ጽፋ ስለ ሰጠችን ነው። ጽፎ የሚሰጥ ሰው ነገም አዲስ ነገር ያመጣልናል። ደብቆ የሚይዝ ሰው ግን፣ ስሙ ማን እንደሆነ ልናገር፣ እኔ ነኝ፣ የያዘው ከሱ ጋር ነው የሚቀበረው። አሻግሬ እግሩን የተሰበረው በኔ ዝምታ ነው።"

ሕዝቡ ማጉረምረም ተወ። እኔ የኮምፒውተሩ ነገር ዛሬም በደንብ አልገባኝም፤ የማይታየው ድራይቨር የት ቁጭ እንዳለ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የገባኝ ግን ይኸ ነው፤ አንድ ሰው ያወቀውን ሲገልጥ የማያውቀው ሰው እግር ይተርፋል፤ የማያውቀው አገር ሰው ሥራ ይቀናል። እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ጥፋቴ ነው ማለትንና ያወቁትን መጻፍን እንዲለምዱ አድርጉ፤ ዲግሪው ከዚያ በኋላ ይሠራላቸዋል።

አያ ቢራራ ልጄን በእጃቸው ጠሩ። "ደብተርሽን ይዘሻል? አዲስ ገጽ አውጪ። የሠላሳ አምስቱንም ዓመል ዛሬ ጀምረን እንጽፋለን፤ ታትሞ ከተራው ጎን ይለጠፋል። መጀመሪያ የራሴን። ግንባረ ነጯ በቅሎዬ፣ ቦራዋ። ጻፊ፤ ትናከሳለች።"

"ምን?" አለ አንዱ ከመሃል። "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ 'በግ ናት' ሲሉን?"

"በግ ናት ያልሁት ልሸጥልህ አስቤ ነው" አሉ። ሳቁ ቅጥሩን ሞላው፤ ልጄ ግን ቀና አላለችም።

"መቼ ነው የምትናከሰው ጋሼ?"

"ልጓም ሲያጠልቁላት። መጀመሪያ ከጆሮዋ ሥር እከክ አድርጉላት፤ ከዚያ አፏን ራሷ ትከፍትላችኋለች።"

ጽጌሬዳ ጻፈችው።